ቀርፋፋ የኔትወርክ ዲስክ፦ ጥያቄና መልስ

በአይስካዚ (በኔትወርክ ያለ ዲስክን የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ አስመስሎ በሚያገናኘው ዘዴ) ስለሚገናኙ ዲስኮች ጠይቁ። አስቀድማችሁ ግን ኔትወርኩንና ዲስኩን ለየብቻ ለኩ። አንድን ዲስክም ከሁለት ኮምፒውተር አትክፈቱ።

ጥያቄ፦ የቤት ሰርቨሬ ዲስክ በጣም ቀርፋፋ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁጥሩ የት አለ?

ጥያቄ፦ መስመሬ 1 ጊጋቢት ነው፤ ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ግን በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው! አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና ጤነኛ የጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ 11 ካየህ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት መውረዱን ጠርጥር። ጊጋቢት የገመዱን ስምንት ክሮች በሙሉ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት በአራቱ ይሠራል። ከቀሪዎቹ አራት አንዷ ስትላቀቅ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ዝቅ ይላል። እኔ ራሴ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዲስክ ስፈታና ስገጥም ከርሜ፣ ጥፋተኛው በር የጨፈለቀው ገመድ ሆኖ አገኘሁት። ገመዱን ቀይርና በአይፐርፍ (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ለካ፤ 940 ሜጋቢት አካባቢ ካሳየህ መስመሩ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ኤምቲዩውን (በኔትወርኩ የሚላከው አንድ የዳታ ጥቅል፣ ማለትም ፓኬት፣ ትልቁ መጠን) 9000 ባይት ላድርገው?

መልስ፦ ሰርቨሩ፣ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችና ኮምፒውተርህ በመጠኑ ካልተስማሙ ትልልቁ ፓኬት መንገድ ላይ ይቀራል። በ1 ጊጋቢት የምታተርፈው ጥቂት ነው። ተወው።

አንድ አባል፦ እኔ ግን ትልቅ ለውጥ አይቻለሁ።

ሌላ አባል፦ በዚያው ቀን ስዊቹንም ቀይረህ የለ? ራስህ ነግረኸናል።

አንድ አባል፦ ለማንኛውም አይስካዚን ትቶ በኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ በማጋሪያ ዘዴ) ቢሠራ ይሻለዋል።

መልስ፦ ይህን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ትልቅ ፋይል ይበርልኛል፤ ዳታቤዙ ግን ይንፏቀቃል። ዲስኩ የሚሽከረከር ነው።

መልስ፦ በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ ለዳታቤዝ እዚህም እዚያም እየዘለለ ሲያነብ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ቢችል ነው። በ4 ኪሎባይት አስላው፤ ግማሽ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ዳታቤዙን ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል ወደሌለው ዲስክ) አዛውረው። "የጽሕፈት ማረጋገጫውን (ዳታው በእርግጥ ዲስኩ ላይ እስኪጻፍ መጠበቁን) አጥፋው" የሚሉህን አትስማ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ተጽፏል የተባለው አይገኝም።

ጥያቄ፦ ያንኑ ዲስክ ከሁለት ኮምፒውተር ባገናኘው ይፈጥናል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አላነበብህም? እንደ ኢኤክስቲ 4 ባለ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስኩ ላይ በሚደራጁበት ሥርዓት) አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቅም፤ ሁለቱም ይጽፉበትና ያፈርሱታል። አይሆንም!

ጥያቄ፦ ሰርቨሬ ቀርፋፋ ነው፤ መፍትሔ?

መልስ፦ ቁጥር።

የ11 ሜጋባይቱ ጠያቂ፦ ገመዱን ቀየርኩት፤ 112 ደረሰ። እናመሰግናለን።

መልስ፦ አሮጌውን ለሁለት ቁረጠው። መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥከው መልሰህ ትሰካዋለህ።