«ክሷን አነሳች» ወይስ «ክሷን ተወች»? የኮቢ ብራያንት ጉዳይ በአማርኛ

ጥያቄ፦ «ለስፖርት ዝግጅታችን ስለ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ስለ ኮቢ ብራያንት የፍርድ ቤት ጉዳይ አጭር ትረካ ጽፌ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ‹ከሳሿ ክሷን አነሳች፣ ኮቢም ነፃ ወጣ› ብያለሁ። አዘጋጃችን ‹አነሳች› ስትል ክስ የጀመረች ይመስላል፣ ‹ተወች› በል አለኝ። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሰረዘች› ነው እንጂ ብሎ ሙጭጭ አለ። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስታችሁም ግሱ ላይ ስትጨቃጨቁ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አመለጣችሁ። ክሱን ያነሳችውም፣ የተወችውም፣ የሰረዘችውም እሷ አይደለችም። ክሱ መጀመሪያውኑ የእሷ አልነበረም።

ነገሩን ባጭሩ እናስታውሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኮቢ በ2003 ጉልበቱን ሊታከም ኮሎራዶ ሄዶ ቬል አካባቢ አንድ ሆቴል አረፈ። እዚያ የምትሠራ የ19 ዓመት ወጣት፣ ጁን 30 ማታ ክፍሉ ውስጥ ደፈረኝ ብላ ለፖሊስ አመለከተች። ጁላይ 18 ቀን የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ማርክ ኸርልበርት ክስ መሠረተ። ኮቢ በዚያው ቀን ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበና በትዳሬ ላይ ማግጫለሁ፣ ግን በፈቃዷ ነበር አለ። ክርክሩ ከዓመት በላይ ተጎተተ። በ2004 ኦገስት መጨረሻ ላይ የዳኝነት ሸንጎ አባላት (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) እየተመረጡ ሳለ ሴትየዋ አልመሰክርም አለች። ሴፕቴምበር 1 ዐቃቤ ሕጉ ክሱ እንዲዘጋ ጠየቀ፣ ዳኛው ቴሪ ራክሪግልም መዝገቡን ዘጉት።

የመዝገቡ ስም ራሱ «የኮሎራዶ ግዛት ሕዝብ እና ኮቢ ቢን ብራያንት» ነው። ከሳሹ ሕዝቡ ነው፣ በሕዝቡ ስም የሚቆመው ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ። ሴትየዋ የክሱ ዋና ምስክር ነበረች። እኛ አገርም እኮ ያው ነው፤ ወንጀል ችሎት ገብተህ ብትሰማ ከሳሽ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ጉዳት ደረሰብኝ ያለው ሰው «የግል ተበዳይ» ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ሁለት ግለሰቦች ፊት ለፊት የሚቆሙት በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

ታዲያ ጆሯችን ለምን «ከሳሿ ክሷን አነሳች» የሚለውን ዝም ብሎ ይቀበላል? እኔ እንደሚመስለኝ ከኑሯችን የመጣ ነው። የተበደለ ሰው ሄዶ ይከሳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይለመናል፣ በመጨረሻ «ለእናንተ ስል» ብሎ ክሱን ያነሳል። በዚህ ልማድ ክስ የተበዳዩ ንብረት ነው፤ ሲፈልግ ያመጣዋል፣ ሲፈልግ ይመልሰዋል። ሕጉም ቢሆን ለዚህ ትንሽ ቦታ ትቶለታል፣ ስድብን የመሳሰሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ። እዚያ ላይ «አቤቱታዋን አነሳች» ብትል ማንም አያርምህም። የኮቢ ጉዳይ ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም፣ ክሱ ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ሊያሳስር የሚችል ከባድ ወንጀል ነበር።

ሌላው ጣጣ «ክሷን» የምትለዋ ቃል መጨረሻ ላይ ነው ያለው። በአማርኛ «ክሱ»፣ «ክሷ»፣ «ክሳቸው» ስንል በዜና ልማድ ብዙውን ጊዜ የምንጠቁመው ተከሳሹን ነው። በ2014 በገና ዕለት እነ እስክንድር ነጋና እነ ጃዋር መሐመድ ሲፈቱ (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ወሬው ሁሉ «ክሳቸው ተቋረጠ» ነበር። ክሳቸው ማለት የከሰሱት ሳይሆን የተከሰሱበት ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ስለዚህ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው «የወጣቷ ክስ ተቋረጠ» የሚል ርዕስ ቢያይ፣ ምን አድርጋ ነው የተከሰሰችው ሊል ይችላል። ብትችል አገናዛቢውን ተወውና «በኮቢ ላይ የተመሠረተው ክስ» በል። ረዘም ይላል፣ ግን አያሳስትም።

አሁን ወደ አዘጋጃችሁ ልምጣ፣ ሰውየው ያለ ምክንያት አልጠረጠረም። «ማንሳት» በእርግጥም ሁለት ወገን ይቆርጣል። ጥያቄ አነሳ ስትል ጀመረ ነው፣ ዕገዳ አነሳ ስትል ግን አስቀረ ነው። ክስ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚለየው የግሱ ጭራ ነው። «ክስ ተነሳበት» ካልክ ሰውየው ጭንቅ ውስጥ ገባ። «ክሱ ተነሳለት» ካልክ ደግሞ ተገላገለ። «ተፈረደበት» እና «ተፈረደለት» እንደምንለው ማለት ነው፤ «በ» ይጭናል፣ «ለ» ያወርዳል። «ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳለት» ብትል ትክክል ነው፣ ግን ውለታ የዋለለት ይመስላል። እኔ ብሆን «ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አቋረጠ» እላለሁ፣ ለዘመኑ ጆሮ የሚቀለው እሱ ነው። «ሰረዘ» ደግሞ አይመቸኝም፣ ቀጠሮ ወይም ትኬት ይመስላል።

«ተወች» ላይ ግን አጥብቄ እከራከራለሁ። «ተወችው» በእኛ አነጋገር ወይ ይቅር አለች ነው፣ ወይ ሰለቸች፣ ወይ ደግሞ «ድሮም ውሸቷን ነበር» የሚል ሐሜት በጎን የሚያስገባ ነው። የሆነውን ተመልከት። የፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በስህተት ስሟን አወጣው። በዝግ ችሎት የተባለውን የያዘው ቃለ ጉባኤ በስህተት በኢሜይል ለሰባት የዜና ተቋማት ተላከ። የግድያ ዛቻ ደረሳት፣ በዚህ የተፈረደባቸው ሰዎችም አሉ። ዳኛው ደግሞ ከድርጊቱ ቀን ጋር በተቀራረቡ ቀናት የነበራት የወሲብ ግንኙነት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀዱ። ይህን ሁሉ በአንዲት «ተወች» መዋጥ ለእኔ ከበድ ይላል። እሷ ያደረገችው የታወቀ ነገር ነው፦ አልመሰክርም አለች። እሱኑ ጻፈው። «እምቢ አለች» አትበል፣ ያስቆጣል። «ለመመስከር ፈቃደኛ ሳትሆን ቀረች» በቂ ነው።

«ነፃ ወጣ»ም እንደዚሁ አይሆንም። አንድ ተከሳሽ «በነፃ ተሰናበተ» የሚባለው ማስረጃ ታይቶ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አይደለህም ሲለው ነው። እዚህ ዋናው ክርክር በሸንጎው ፊት አልተሰማም፣ ፍርድም አልተሰጠም። መዝገቡ የተዘጋው ዳግም እንዳይከፈት ሆኖ ስለነበር ለኮቢ ውጤቱ ትልቅ ነው፣ ግን ጥፋተኛም ነፃም ያለው ዳኛ የለም። ደጋፊዎቹም ጠላቶቹም እስከ ዛሬ የሚፋጁት እኮ በዚሁ ክፍተት ነው። አንተ በአንድ ግስ አትፍረድላቸው።

እሷን ምን ልበላት ካልከኝ፣ ይህ እዚያም አገር ያጨቃጨቀ ነው፤ የኮቢ ጠበቆች ፍርድ ቤት ውስጥ «ተጎጂ» እንዳትባል ተከራክረዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፣ ተጎጂ ካለች ጎጂ አለ። በእኛም «ተጎጂዋ» ስትል ፈርደሃል፣ «ከሳሿ» ስትል ደግሞ ሚናዋን ትለውጣለህ። «ተደፈርኩ ያለችው ወጣት» ብትል ለሁለቱም ወገን ታማኝ ትሆናለህ። ስሟን አትጥራ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርህን እንዲህ ብታደርገውስ፦ «ተደፈርኩ ያለችው ወጣት ለመመስከር ፈቃደኛ ሳትሆን ስለቀረች፣ ዐቃቤ ሕግ በኮቢ ላይ የመሠረተውን ክስ አቋረጠ፤ ፍርድ ቤቱም መዝገቡን ዳግም እንዳይከፈት አድርጎ ዘጋው።» ለትረካ ከረዘመብህ ለሁለት ክፈለው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትረካህን ከቀጠልክ መንገድህ ላይ ትመጣለች። ወጣቷ በኦገስት 2004፣ የወንጀሉ ክስ ገና ሳይዘጋ፣ ዴንቨር በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የካሳ ክስ መሥርታ ነበር። እዚህ ላይ «ከሳሽ» እሷው ናት፣ «ክሷ» ማለትም ትችላለህ። በማርች 2005 ሁለቱ ወገኖች ይፋ ባልሆነ ስምምነት ጨረሱት። ታዲያ «ታረቁ» ብለህ እንዳትጽፍ። መታረቅ በእኛ ቋንቋ ቂም ወርዶ፣ ጉንጭ ተሳስሞ ነው። እዚህ የተደረገው በጠበቆች በኩል የተጻፈ ወረቀት ነው፣ «በስምምነት ተቋጨ» ይበቃዋል። መጠኑ ስላልተነገረም «በሚሊዮን ዶላሮች» የሚለውን ማጣፈጫ ተወው።

ኮቢ የወንጀሉ ክስ በተዘጋበት ቀን ባወጣው መግለጫ ላይ ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቋል። በዚያው መግለጫ በፈቃዷ የሆነ እንደመሰለው፣ እሷ ግን ነገሩን እሱ ባየው መንገድ እንዳላየችው አሁን እንደተረዳ ተናግሯል። ይህን «ጥፋቱን አመነ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፣ «ይቅርታ ጠየቀ» ግን ልክ ነው። «ይቅር አለችው» የሚለውን ደግሞ ከየትም አታምጣ፣ እሷ እንዲህ ስትል የሰማ የለም።