ጥያቄና መልስ፦ ሼፉ የሚጮኸው ለምግቡ ነው ወይስ ለራሱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሆቴል ኪችን ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። የመደቡኝ ሥጋና ሶስ በሚሠራበት በኩል ነው። ዋናው ሼፋችን ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን አይጣል ነው! ኦርደር ሲበዛ ሳህን ይወረውራል፣ እናት አባታችንን ሳይቀር ይሳደባል። በቀደም ሰው ሁሉ እየሰማ “አንተ ደደብ፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም” አለኝ። ከፍቶኝ ላናግረው ስሄድ ስልኩን አውጥቶ የዝነኛውን የብሪታንያ ሼፍ የጎርደን ራምዚን ቪዲዮ አሳየኝ። የአንዲትን ሴት ፊት በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሀል ይዞ “ምንድን ነሽ?” እያለ ሲጮኽባት። “ዓለም ያደነቀው ሰው እንዲህ ነው የሚያሠራው፤ ካልቻልክ በሩ ያውልህ” አለኝ። እውነት ጥሩ ሼፍ ለመሆን በዚህ ማለፍ ግድ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ሆደ ባሻ የሆንኩት?

መልስ፦ ሆደ ባሻ አይደለህም። መጀመሪያ ግን ያቺን ቪዲዮ ከመንገዳችን እናንሳት። ሼፍህ ያሳየህ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራልህ) ጄምስ ኮርደን ያቀርበው በነበረው የአሜሪካ የምሽት ትርኢት ላይ ራምዚ በራሱ ፕሮግራም እንዲያሾፍ የተሠራች አጭር ጭውውት ናት። ሴትየዋ ምግብ አብሳይ አይደለችም። ጁሊ ቼን የምትባል የቴሌቪዥን አቅራቢ ናት፤ አብራ ነው የተወነችው። አለቃህ ለአመራሩ ማስረጃ ብሎ ያቀረበልህ ኮሜዲ ነው ማለት ነው። እኔ ብሆን ሳቄን መቻል ያቅተኝ ነበር።

ይህን ስል ራምዚ ጨዋ ነበር ልልህ አይደለም። እውነተኛ ቁጣውም በካሜራ ተቀርጿል። በ1998 ለንደን፣ ቼልሲ ውስጥ በራሱ ስም ምግብ ቤት ሲከፍት ፊልም ቀራጮች ተከትለውት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ አገር ጉድ አለ። ያኔ ገና የቴሌቪዥን ሰው አልነበረም፤ ለትርኢት ብሎ ነው አይባልም።

ከየት አመጣው? ካሳደጉት ነዋ። ወጣት ሳለ ለንደን ውስጥ በማርኮ ፒየር ዋይት ኪችን ሠርቷል፤ ዋይት በቁጣው ስሙ የወጣ ሰው ነው። ፓሪስ ሄዶ ደግሞ በዝነኛው ፈረንሳዊ ሼፍ በጆኤል ሮቡሾን ሥር ሠራ። ሮቡሾን ራሱ እንደተናገረው አንድ ጊዜ ራምዚ ላይ ሳህን ወርውሮበታል። ሳህን የተወረወረበት ልጅ አድጎ ቁጡ ሼፍ ወጣው። ያንተንም አለቃ ብትጠይቀው አንድ የወረወረበት ሰው አያጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሼፍህ “ራምዚ ትልቅ የሆነው በጩኸቱ ነው” ማለቱ ነው። የራምዚ የለንደኑ ምግብ ቤት በ2001 ሦስተኛ የሚሽላን ኮከቡን አገኘ፤ ሚሽላን ምግብ ቤቶችን እየመረመረ ኮከብ የሚሰጥ የፈረንሳይ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። ከዚያ ወዲህም ለዓመታት ሳይነጠቅ ይዞት ቆይቷል። ግን ማን ነው የያዘው? በ2005 አሜሪካ ውስጥ ሄልስ ኪችን የተባለው የሼፎች ውድድር ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሰውየው እዚያ ካሜራ ፊት ሲጮህ ከረመ። የለንደኑን ኪችን በ2007 በዋና ሼፍነት የተረከበችው ክሌር ስሚዝ ናት፤ የሰሜን አየርላንድ ገበሬ ልጅ። በብሪታንያ ሦስት ኮከብ ያለው ኪችን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጥብቅ ናት ይሏታል፤ በስድብ ግን ስሟ ሲነሳ አልሰማሁም። ኮከቦቹም ንቅንቅ አላሉም። በኋላ ወጥታ በ2017 ኮር የሚባል የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች፤ እሱም በ2021 ሦስተኛውን ኮከብ አገኘ። እስቲ አስበው፦ ጩኸቱ አሜሪካ፣ ኮከቡ ለንደን!

ሌላም ልጨምርልህ። እዚያው አሜሪካ በ2013 የልጆች የምግብ ውድድር ተጀመረ፣ ማስተርሼፍ ጁኒየር የሚባል። ከዳኞቹ አንዱ ይኸው ራምዚ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከ8 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። አንዱ ምግቡ ተበላሽቶበት ሲያለቅስ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ያባብለዋል፣ ያሳየዋል፣ ያግዘዋል። ስህተቱን ግን አይደብቅለትም። ቁጣው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ እየመረጠ አይቆጣም። ያንተም ሼፍ የሆቴሉ ባለቤት ኪችን ሲገባ ሳህን ይወረውራል? እንደማይወረውር በምን አወቅሽ እንዳትለኝ። ብዙ ኪችን አይቻለሁ።

ለሼፍህም ትንሽ ልከራከርለት። ኪችን ውስጥ በለሆሳስ አይሠራም። የጭስ መሳቢያው ያጓራል፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ አስተናጋጁ ከወዲያ ይጣራል። “ከኋላህ ነኝ!” “ትኩስ ነው!” ካልተባለ ሰው ይቃጠላል። “ዓሣው ጥሬ ነው፣ መልሰው!” ብሎ ቢጮህብህ ልክ ነው። አሥር ጊዜ ቢያስመልስህም አትቀየም፤ በነፃ እያስተማረህ ነው። ጣቱ ወደ ሳህኑ እስከጠቆመ ድረስ ጆሮህን ስጠው። ወደ እናትህ ሲዞር ግን ያ ምግብ ማብሰል አይደለም። የሚወረወረው ሳህንማ ጭራሽ ቁጣም አይባልም፣ ድብደባ ነው።

“ካልተፈሩ አይሠሩም” የሚል ሰው እኔን አያሳምነኝም። አንድ ሆቴል ስሠራ እንዳንተው አለቃ ያለ ነበረን። አንድ ልጅ ለማታ ሶስ የተቀመጠ መረቅ ሥሩ አረረበት። አዲስ ለመጣድ ጊዜ ነበረ። እሱ ግን ሼፉን ፈርቶ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገለበጠና ዝም አለ። ያን ማታ የወጣው ሶስ ሁሉ አረር አረር ይል ነበር። ሳህን እየተመለሰ መጣ። ሼፉ የባሰ ጮኸ፣ መጥበሻ ወረወረ። ማን እንዳደረገው ግማሾቻችን እናውቃለን፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። ይሄ እንግዲህ መረቅ ነው። ለውዝ የነካ ማንኪያ ሳያስበው ሶሱ ውስጥ የነከረ ልጅ ቢሆንስ? ለውዝ የማይስማማው እንግዳ እኮ በዚያ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት በሰዓቱ የሚናገር ሠራተኛ ያለህ ስድብ ካልፈራ ብቻ ነው።

ነገሩ የእኔ ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2015 ፔዲያትሪክስ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእስራኤል ጥናት አለ። 24 የሐኪሞችና የነርሶች ቡድን፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ድንገት ሕመሙ ሲጠናበት በሚያሳይ ልምምድ ተፈተኑ። ከፊሎቹን ከውጭ የመጣ ኤክስፐርት ተብሎ የቀረበ ሰው አንኳሰሳቸው። እናታቸው አልተሰደበችም፤ የሙያቸውን ደረጃ ነው ዝቅ ያደረገባቸው። እነሱ ሕመሙን በመለየትም በማከምም ካልተነኩት አነሱ። መረጃ መለዋወጥና “እስቲ አግዘኝ” መባባልም ቀነሰ። ሥሥ ንቀት ይህን ካደረገ፣ የሚበር ሳህን ምን እንደሚያደርግ አንተው ገምት።

ለመሆኑ ኪችንን እንደ ጦር ሠራዊት በማዕረግ ያደራጀው ማን ነው? ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው፣ ከ1846 እስከ 1935 የኖረው። እሱም በ1870ው የፈረንሳይና የፕሩሺያ ጦርነት ለወታደር አብስሏል፤ ሥርዓቱን ከዚያ ነው ያመጣው። ስድብን ግን ከኪችኑ ከልክሎ ነበር። ንዴቱ ሲመጣበት ትቶ ወጣ ይል ነበር ይባላል። አለቃህ ማዕረጉን ከወሰደ መውጣቱንም ይውሰድ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? በኦርደር መሀል አትመልስለት። “እሺ ሼፍ” ብለህ ሳህኑን አስተካክል። ሥራው አልቆ ምድጃው ሲጸዳ፣ ሰው በሌለበት ጠጋ በልና “ስሳሳት ስህተቴን ይንገሩኝ፣ ቢጮኹም ችግር የለም፤ እናቴን ግን ይተዉልኝ” በለው። አንዳንዱ በዚህ ያፍራል፤ አንዳንዱ አያፍርም። ካላፈረ፣ ሳህን የወረወረበትን ቀንና የነበረውን ሰው ጻፍና ለሥራ አስኪያጁ ይዘህ ሂድ። ጎን ለጎን እጁን ስረቅ፤ ሶሱን እንዴት እንደሚያወፍር፣ ሥጋውን ከእሳት መቼ እንደሚያወጣ። ከዚያ ሌላ ቦታ ፈልግ። አዲሱ ቦታ ከመቀጠርህ በፊት አንድ ማታ እንድትሞክር ከጠሩህ ሼፉን አትይ፤ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ሠራተኛ እይ። ሲሳሳት ጮክ ብሎ “ተሳስቻለሁ፣ አዲስ ስጡኝ” ካለ እዚያ ግባ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ የራምዚን ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ያያል። ምግብ ማብሰል መውደዱ ደስ ይለኛል፤ ስድቡን እንዳይለምድ ግን ሰጋሁ። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት፣ ይምረጡለት። ምግብ ቤቶችን ከኪሳራ የሚያወጣበት ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ነው፤ የእንግሊዙ በ2004፣ የአሜሪካው በ2007 የጀመሩ። አሜሪካ የተሠራው ማስፈራሪያ ሙዚቃና ጩኸት ይበዛዋል። የእንግሊዙም ስድብ አለው፣ ግን ስለ ሥራው ብዙ ያወራል። ለልጅ ከሁለቱም የሚሻለው ብቻውን ሆኖ የሚያስተምርበት ቪዲዮ ነው። እንቁላሉን ከእሳት ላይ እያነሳ፣ እየመለሰ፣ ሳያቋርጥ እያማሰለ ሲሠራ ያሳዩት። ከዚያ ልጁ ራሱ ይሞክረው። ድስቱንም እሱው ይጠበው።