ገና ያልሠራችሁበትን ገንዘብ አትብሉ

ይህን የምጽፈው ሶፍትዌር ሠርታችሁ በሰብስክሪፕሽን (ደንበኛ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፍለው) ለመኖር ላሰባችሁ ልጆች ነው። አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት በሰው ቤት ነው፤ በአፕ ስቶር፣ በጎግል ፕሌይ፣ በቴሌግራም ቦት። ልክ ናችሁ፣ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። እኔ የምፈራላችሁ ሌላ ነገር ነው።

አፖሎ የሚባል አፕ ነበር፣ ሬዲት የተባለውን የውይይት ድረ ገጽ በአይፎን ለማንበብ የሚያገለግል። የሠራው ክርስቲያን ሴሊግ የተባለ ካናዳዊ ዴቨሎፐር ነው፤ ተጠቃሚዎቹም በጣም ይወዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሬዲት ኤፒአዩን፣ ማለትም ሌሎች አፖች መረጃውን የሚያገኙበትን በር፣ ማስከፈል ጀመረ። ዋጋው አፑ መረጃ ለማምጣት ለሚልከው 50 ሚሊዮን ጥያቄ 12,000 ዶላር ሆነ። አፖሎ በወር ወደ 7 ቢሊዮን ጥያቄ ይልክ ስለነበር ሒሳቡ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጣ። ዋጋው ተነግሮት ክፍያው እስኪጀምር የቀረው ጊዜ ደግሞ አንድ ወር ብቻ! ጁን 30 አፑ ተዘጋ።

ሰው የሚያወራው ስለ 20 ሚሊዮኑ ነው። እናንተ ግን ትንሹን ቁጥር እዩ። በሴሊግ ሒሳብ አንድ ተጠቃሚ በአማካይ በወር 2.50 ዶላር ያስወጣዋል። ታዲያ ዋጋ ጨምሮ ለምን አልቀጠለም? ምክንያቱም ብዙዎቹ የዓመቱን በድሮው ዋጋ አስቀድመው ከፍለዋል፤ ዓመታቸው እስኪያልቅ ደግሞ አንድ ሳንቲም መጨመር አይቻልም፣ ወጪው ግን ከነገ ጀምሮ ይቆጥራል። ቢዘጋውም ለእነሱ የሚመለሰው ገንዘብ እሱ እንደተናገረው 250,000 ዶላር ያህል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ደንበኛ የዓመቱን ባንዴ ሲከፍላችሁ፣ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የእናንተ የሆነው የአንድ ወሩ ብቻ ነው። የቀረው ዕዳ ነው፤ ባንክ ስለገባ ገቢ ይመስላል እንጂ። በዚያ ገንዘብ ሰው ቀጥራችሁ፣ ቢሮ ተከራይታችሁ፣ የፕላትፎርሙ ባለቤት አንድ ቀን ጠዋት ደንብ ቢቀይርባችሁ ምን ትመልሳላችሁ? የዓመት ክፍያን ሌላ አካውንት ውስጥ አስገቡና በየወሩ አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ አውጡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አድርጉት።

ስለ ኮሚሽን ብዙ ስትማረሩ እሰማለሁ። አፕል 30 በመቶ ይወስዳል፤ ከ2021 ወዲህ ግን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች የሚያስገባ ትንሽ ዴቨሎፐር ተመዝግቦ 15 በመቶ መክፈል ይችላል። ይህ ዋጋ ላይ ታስቦ የሚገባ ወጪ ነው፣ ብቻውን አይገድላችሁም። የሚያሳስበኝ ገንዘቡን የሚሰበስበውም፣ ተመላሽ የሚፈቅደውም አፕል መሆኑ፣ እናንተም ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ የደንበኛውን ኢሜይል እንኳ አለማወቃችሁ ነው።

ትዊተር በጃንዋሪ 2023 የሌሎችን አፖች ድንገት ሲያቋርጥ ትዊትቦት የተባለው የትዊተር ማንበቢያ አፕም አብሮ ቆመ። ባለቤቶቹ ግን ማስቶዶን ለተባለው ትዊተር መሰል ማኅበራዊ መረብ የሚሆን አይቮሪ የተባለ አፕ ቀድመው እየሠሩ ስለነበር በዚያው ወር አወጡት። ለድሮ ደንበኞቻቸውም አፑ ውስጥ ምርጫ አቀረቡላቸው፦ ቀሪው ክፍያህ ወደ አይቮሪ ይዙርልህ፣ ወይስ ይመለስልህ፣ ወይስ ትተውልናለህ? ይህን መጠየቅ የሚችለው ደንበኛውን የሚያገኝበት መንገድ በእጁ ያለ ሰው ነው።

የቴሌግራም ቦት የምትሠሩትም ብትሆኑ፣ በ2024 ዲጂታል ነገር በስታርስ፣ በቴሌግራም በራሱ መክፈያ፣ ብቻ ይሸጥ ሲባል ያያችሁት ነው።

ስለዚህ የደንበኛችሁን አድራሻ ዛሬ ያዙ። እኛ አገር ብዙ ሰው ኢሜይሉን ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚከፍተው፣ ስልክ ቁጥር ይሻላል። መጀመሪያ ሲመዘገብ አትጨቅጭቁት፤ በአፑ ተጠቅሞ አንድ ሥራ ከጨረሰ በኋላ፣ «ደረሰኙን በየት እንላክልዎ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ደረሰኙን በትክክል ላኩለት፣ ማስታወቂያ አትጨምሩበት።