ጸሎቱም ስብከቱም አለ፣ ደስታው የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራም ጤናም አለኝ ተመስገን ነው፣ ግን ማታ ቤት ስገባ ምንም ደስ አይለኝም። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜ ነው የምወጣው፣ ረቡዕና አርብ እጾማለሁ፣ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ስብከት እሰማለሁ፣ ስሰማው አለቅሳለሁ ሁሉ፣ ጠዋት ስነሳ ግን ያው ነኝ። እግዚአብሔር አልሰማኝ ይሆን? (ኤስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩትና አንድ ነገር ከነከነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትውይውን ስትነግሪን ውስጡ አንድም ሰው የለበትም። ጎረቤት የለም፣ ባልደረባ የለም፣ ዘመድ የለም። ልወቅስሽ አይደለም፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ሰው ፊት ለፊት ለዓመታት ኖሮ ስም የማይተዋወቅበት ጊዜ ነው።

ያንቺን የሚመስል ጥያቄ ኢሳይያስ 58 ላይ አለ፣ ሕዝቡ ጾምን ግን ለምን አላየኸንም ብለው ያማርራሉ። የተሰጣቸው መልስ ጾም ጨምሩ አይደለም፣ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ የታረዘውን አልብስ፣ ከሥጋ ዘመድህ አትሸሸግ ነው፣ ያኔ ብርሃንህ እንደ ንጋት ይወጣል ተባሉ። ብርሃኑ የመጣው ከእንጀራው በኋላ ነው! ስለዚህ ጸሎትሽን እንዳትተይው፣ ግን አብሮሽ ከቤት ይውጣ።

እማማ አበበች ጎበናን አስቢያቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ተርቦ በነበረ ጊዜ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፣ ከዛ ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ባላቸው እምቢ አሉ፣ ዘመድም አበደች አለ፣ እሳቸው ግን የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፣ በ2013 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስም በሺ የሚቆጠሩ ልጆች በእጃቸው አልፈዋል። አንቺ ቤትሽን ልቀቂ አላልኩም፣ ለመሳለም በሄዱበት መንገድ ላይ ሰው አጋጠማቸውና አላለፉትም ነው የምልሽ።

አንቺ ጋ በጣም ቀላል ነው። ረቡዕና አርብ የማትበይውን ቁርስ ብሩን ለይተሽ አስቀምጪና ለሚያስፈልገው ስጪ፣ ጾምና ምጽዋት ድሮም አብረው ነው የሚሄዱት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አራተኛ ፎቅ ላሉት እናት አንድ ጀሪካን አውጪላቸው። ቅዳሜ ቡና ስታፈዪ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኪ፣ እስከ በረካው ተቀመጡ፣ ስልኩን ራቅ አድርጊው። ጥበቃውን በስሙ ጥሪው። ይሄን ሁሉ ደግሞ ስቶሪ ላይ አትለጥፊ፣ ጌታም ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሏል። አንዳንዱ ቀን ምንም አይሰማሽም ይሆናል፣ ግዴለም ቀጥይ።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ካስጠላሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አማኑኤል ሆስፒታልም ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ይሄን ደፍሬ ነው የምነግርሽ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ጅዳ ሹፌር ነኝ፣ ደሞዜ በገባ ቁጥር አገር ቤት ስልኩ አይቆምም፣ ሁሉም ላክልኝ ነው። መስጠት ደስታ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ስሰጥ እየተናደድኩ ነው።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ቁርኣን ሱረቱል ኢስራእ 29 ላይ እጅህን አንገትህ ላይ አትሰር፣ ጨርሰህም አትዘርጋው፣ ኋላ ተወቃሽ ተቆጪ ትሆናለህ ይላል። ንዴትህ ከስስት አልመጣም፣ ጨርሰህ ስለዘረጋኸው ነው። በወር የምትልከውን መጠን ወስን፣ ለእናት ለአባትህ ቅድሚያ ስጥ፣ ለሌላው የወሩ አልቋል ብለህ በለዘበ አንደበት ንገር፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይቀየሙሃል፣ ታገስ። ብር በማትልክበት ሳምንትም ደውልላቸው።