መልስ፦ ቩልካን 900 ለጅማ–አዲስ አበባ መንገድ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ያገለገለ ካዋሳኪ ቩልካን 900 ክላሲክ ኤል ቲ ሞተር ሳይክል አግኝተህ ለጅማ–አዲስ አበባ መንገድ ይሆነኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ጅማ ይዤዋለሁ። ለአስፋልቱ አዎ፣ ለሰፈር ውስጥ ኮረኮንች ግን እንጃ።

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደህበት ወገብህን አያምህም። ወንበሩ ከመሬት 68 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አጭር ሰውም እግሩ በደንብ ይረግጣል፤ የንፋስ መከላከያውና የጎን ቦርሳዎቹ አብረውት ነው የሚመጡት። ሰርባትዮው 20 ሊትር ይይዛል። በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ሊትር ስለሚበላ ሞልተህ ከወጣህ ያደርስሃል፣ እኔ ግን ወልቂጤ ላይ ሳልጨምር አላልፍም፣ የቤንዚን ወረፋ መቼ እንደሚገጥምህ ማን ያውቃል። ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ ኢንጄክሽን በመሆኑ ከግቤ ሙቀት ወደ ከፍታው ስትወጣ እንደ ካርብራቶር አያፍነውም።

ክብደቱ ግን ቀልድ አይደለም። ከ280 ኪሎ በላይ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ከተኛብህ ሰው ጠርተህ ነው የምታነሳው። የግቤን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አትውረድ፣ ማርሽ ቀንስ።

ካቴና የለውም፣ በቺንጋ ነው የሚሄደው። ቅባት አይፈልግም፣ ንጹህ ነው፣ ግን ጠጠር ከገባበት ይጎዳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ የባጃጅና የቦክሰር መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ምንም አያደርግልህም። የኋላ ጎማውም 180/70-15 ነው፣ እንደ ልብ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። ከመግዛትህ በፊት የቺንጋውን ጥርስና ጎማውን እይ፤ ካለቁ ዋጋውን አስወርድ፣ እምቢ ካለህ ተወው።