ክረምቱ ሲወጣ የሚይዘኝ ደረቅ ሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ቆሞ ጥቅምት ሲገባ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ከንፈሬ ይሰነጣጠቃል፣ ደረቅ ሳል ይይዘኛል። ዱከም የቻይና ፋብሪካ ሚሠራ ጎረቤቴ "ለወቅት ለውጥ ነው፣ ቻይናዎቹ ይጠጡታል" ብሎ በፌስታል የተቋጠረ ቅጠላ ቅጠል ሰጠኝ፣ ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ፈራሁ። ልጠጣው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ ይቅርብሽ፣ ደግ አደረግሽ ሳትጠጪው መጠየቅሽ። የቻይናዎቹ የወቅት እውቀት ግን ፌስታሉ ውስጥ ካለው በጣም ይሰፋል። ከ2000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሁዋንግዲ ነይጂንግ የሚባለው የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ አራቱ ወቅቶች ሲያወራ ቀድሞ ሚያነሳው እንቅልፍን ነው፣ በመፀው በጊዜ ተኝቶ ከዶሮ ጋር መነሳት፣ ብርዱ ሲጠና ደሞ በጊዜ ተኝቶ ፀሐይ እስክትወጣ መቆየት ይላል (ታክሲ ሰልፍ በ11 ሰዓት ለምትይዢ ሁለተኛው ከባድ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ይቻላል)። መፀውን ከሳንባ ጋር ነው ሚያያይዙት፣ ድርቀት ሳንባን ይጎዳል ባይ ናቸው፣ አንቺ የጻፍሽው ሁሉ እነሱ ድርቀት ሚሉት ውስጥ ይገባል።

በካላንደራቸው እንዳትሄጂ ግን። እነሱ ጋ መፀው ሚጀምረው በኛ ነሐሴ መጀመሪያ ነው፣ እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ስለዚህ ቀን ሳትቆጥሪ ሰማዩን እዪ። በዝናቡ ወራት በእርጥበቱ ምክንያት ትኩስና የበሰለ ምግብ፣ ዝንጅብል ጥሩ ነው ይላሉ። ጥቅምት ላይ ግን ይገለበጣል፣ እኛ ሳል ሲይዘን ወዲያው ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ነው ምንጨምረው፣ እነሱ ደሞ ደረቅ ሳል ላይ ሚያቃጥለውን ቀንሱ፣ ሚያለሰልሰውን ጨምሩ ነው ሚሉት። ማር፣ ሰሊጥ፣ ለጾም ምትበጠብጪው ተልባ፣ ሾርባ፣ ሁሉም ቤትሽ አለ። ማጅራትሽን ደሞ በሻርፕ ወይ በነጠላ ሸፍኚ፣ ብርድ በዛ በኩል ይገባል ብለው ያምናሉ፣ የኛም እናቶች ብርድ መታሽ ሲሉ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲታጠን መስኮትሽን ዝጊ፣ ይሄኛው የኔ ምክር ነው።

ወደ ፌስታሉ ስንመጣ፣ ለብርድ በሚሠሩ ቅመሞቻቸው ውስጥ ማሁዋንግ የሚባል ተክል ይገባል፣ ጋንጻኦ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ደሞ ብዙዎቹ ውስጥ አለ፣ ሁለቱም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ሥሩ ሲበዛ ፖታሲየምም ያወርዳል። ቅጠላቸው ጉልበት የለውም እያልኩሽ አይደለም እኮ፣ ለወባ ሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት መነሻው ከነሱ ተክል ነው፣ ያገኘችው ቱ ዩዩም በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልማበታለች፣ ግን እሱ ተጣርቶ ተለክቶ ነው ሚሰጠው። ያንቺው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚጠጣ እንኳን አይታወቅም። የግፊት መድኃኒትሽን በምንም ምክንያት አታቋርጪ።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይ ማታ ማታ ካላበሽ፣ ክብደት ከቀነስሽ፣ ማርና ተልባውን ትተሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና የአክታ ምርመራ አድርጊ፣ ስትሄጂም የግፊት መድኃኒትሽን ይዘሽ አሳዪያቸው ምክንያቱም አንዳንዱ የግፊት ኪኒን ራሱ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ እሱ ከሆነ ሐኪሙ ይቀይርልሻል።