መልስ፦ ያ ሁሉ የቻይና ፊደል ድሮ እንዴት ይታተም ነበር?

640 ኪሎባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ያ ሁሉ ፊደል እንዴት ገባ ብለሃል። አጭሩ መልስ፣ አብዛኛው አልገባም። ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው።

እስኪ እናስላው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው ጂቢ 2312 የተባለ የኮምፒውተር ፊደላት ስታንዳርድ 6,763 የቻይና ፊደላት አሉት። ለስክሪን አንዱ ፊደል 16 በ16 ነጥብ ነው፤ ስምንት ነጥብ አንድ ባይት ስለሆነ 32 ባይት ይወስዳል። ሁሉም ሲደመር 216 ሺህ ባይት ገደማ። ለህትመት ግን ይህ አይበቃም፤ ጭረት የበዛበት ፊደል ይጨማለቃል። ስለዚህ 24 በ24 ይጠቀሙ ነበር። ለአንዱ 72 ባይት፣ በጠቅላላው ወደ 487 ሺህ። በዘመኑ 360 ኪሎባይት ፍሎፒ ዲስክ እንኳ አይያዝም!

መላው ምን ነበር? ፊደሉን ቺፕ ላይ ቀርጾ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ ካርድ መሥራት። የዛሬው የኮምፒውተር ኩባንያ ሌኖቮ መጀመሪያ ስም ያወጣው በዚህ ካርድ ነው። ባለ 24 መርፌ ፕሪንተር ደግሞ ፊደሉ 24 ነጥብ ቁመት ስላለው አንድ መስመር ፊደል በአንድ ምልልስ ይጨርሳል፤ ልክክ ያለ ነገር ነው።

ለጋዜጣ ጥራት ግን ይሄ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው። እዚያ ጀግናው የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲው ዋንግ ሹዋን ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ማስቀመጥ ትቶ የቅርጹን ዳር መዘገበ። ቀጥ ያሉትን ጭረቶች እንዲያውም በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ገለጻቸው። የማተሚያው ሌዘር ሊጽፍ ሲል ነጥቦቹ እዚያው ይሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 «ኢኮኖሚክ ዴይሊ» የተባለው የቻይና ጋዜጣ ሙሉ ገጹን በዚህ ዘዴ አወጣ።